አጭር ሞላ ወይስ ኮይሎቨር? መኪናን ዝቅ ለማድረግ ለሚያስቡ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የቅዳሜ ከሰዓት ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለ መኪና ሰስፔንሽን ለመስማት በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በፍራንክፈርትና በአካባቢው ባሉ ጋራዦች ከሃያ ዓመት በላይ ስሠራ ወጣቶቻችን ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ መኪናዬን ዝቅ ላደርጋት ነው፤ ሞላ ብቻ ልቀይር ወይስ ኮይሎቨር ልግዛ?» ለዚህ ጥያቄ ቆሜ በሁለት ቃል የሰጠኋቸው መልሶች ብዙዎቹ ጎደሎ እንደነበሩ ስለማውቅ፣ ዛሬ ጊዜ ወስጄ ምክንያቱን ጭምር ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ። የምለው ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ እሱም መኪናው ዝቅ ካለ በኋላ ሾክ አብዞርበሩ ለመንቀሳቀስ የሚቀርለት ርቀት ነው።

ለምሳሌነት የምወስደው ፎልክስቫገን ጎልፍ 7ን ነው። በ2012 ወጥቶ ዛሬም በዚህ አገር መንገድ ላይ በብዛት ይታያል፤ ከመካከላችሁም ብዙዎቻችሁ ትነዱታላችሁ። የፊት እግሩ የተሠራው ማክፈርሰን በሚባለው ዘዴ ነው፤ ሞላው ሾክ አብዞርበሩን ከቦ ሁለቱ እንደ አንድ ምሰሶ ይቆማሉ። ከኋላ ግን ሞላው ለብቻው ተቀምጦ ሾኩም ለብቻው ከአጠገቡ ይታሰራል። «ኮይሎቨር» የሚለው ስም ሞላው በሾኩ ላይ የተሰካበት ማለት ስለሆነ፣ ለጎልፍ የፊት እግር እንጂ ለኋላው አይስማማም። ጀርመኖች «ገቪንደፋርቬርክ» ይሉታል፤ ጠመዝማዛ ጥርስ የተበጀለት ሰስፔንሽን ማለት ነው። ዕቃውን ከሌላው የሚለየው የሞላውን መቀመጫ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው፣ በጥርሱ ላይ የሚሽከረከረው ቀለበት በመሆኑ እኔ የጀርመኑን ስም እመርጣለሁ። ዛሬ ግን ሁላችሁም በለመዳችሁት ቃል ኮይሎቨር እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ሾኩን ሳይነኩ በፋብሪካው ሞላ ቦታ የሚገባውን ደግሞ አጭር ሞላ እለዋለሁ።

ሞላ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል። ሞላው ብቻውን ቢሆን ኖሮ መኪናው ጉብታ ባለፈ ቁጥር ለረጅም ጊዜ ሲወዛወዝ በቆየ ነበር። ሾክ አብዞርበሩ በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች እያሾለከ ይህን ውዝዋዜ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ፋብሪካው የአንዱን ጥንካሬ ከሌላው ጋር መዝኖ ያጣምራቸዋል፤ አንዱን ስትለውጡ ሌላው ያው ቢሆንም ጥምረቱ ግን ያው አይሆንም።

አሁን ወደ ስሌቱ ልግባ። ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ለማስረዳት እንዲመቹ ነው፤ ለዚህ ዓይነት መኪና ግን ከእውነታው የራቁ አይደሉም። በአንድ የፊት ጎማ በኩል ሞላው 310 ኪሎ ይሸከማል እንበል። ሞላው አንድ ሚሊሜትር እንዲጨመቅ 2.5 ኪሎ ይጠይቃል እንበል። መኪናው ቆሞ ሳለ፣ ሾኩ ወደ ታች ተጨምቆ ከማቆሚያው ጎማ፣ ማለትም ሾኩ መጨረሻው ላይ እንዳይጋጭ በዘንጉ ላይ ከተሰካው ትንሽ ጎማ፣ እስኪደርስ ድረስ 80 ሚሊሜትር ይቀረዋል እንበል። መኪናውን 30 ሚሊሜትር ዝቅ ስናደርገው ሾኩ ያው ከሆነ የሚቀረው 50 ሚሊሜትር ነው። ሞላ ሲጨመቅ የሚውጠው ጉልበት የሚያድገው ከርቀቱ ካሬ ጋር ስለሆነ፣ በቀረው 50 ሚሊሜትር ውስጥ ቀድሞ በ80 ይዋጥ የነበረውን ያህል ምት ለመዋጥ የሞላው ጥንካሬ 80 ለ50 ተካፍሎ በራሱ ሲባዛ የሚገኘውን ያህል፣ ማለትም 2.56 ጊዜ ማደግ ይኖርበታል። ከ2.5 ኪሎ ተነሥተን 6.4 ኪሎ እንደርሳለን ማለት ነው። በገበያ ላይ ያለው አጭር ሞላ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካው በ20 ወይም በ30 በመቶ ብቻ ይጠነክራል። በመካከል ያለውን ልዩነት የሚሸከመው ማቆሚያው ጎማ ነው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ማቆሚያ ጎማዎች አስቀምጫለሁ፤ ስትወጡ በእጃችሁ ይዛችሁ እንድታዩአቸው እለምናችኋለሁ። አንደኛው አዲስ ነው፤ ስፖንጅ ከመሰለ ፖሊዩሪቴን የተሠራ ስለሆነ በሁለት ጣት ሲጫኑት ይሟሽሽና ተመልሶ ይነሣል። ሁለተኛውን ያወጣሁት አንድ ወጣት ደንበኛችን አጭር ሞላ አስገብቶ ሁለት ክረምት ከነዳው ጎልፍ ነው። ከላይ በኩል የጥፍር ያህል ውፍረት ብቻ ቀርቶታል፤ የቀረው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍሮ በሾኩ አቧራ መከላከያ ውስጥ ቢጫ ዱቄት ሆኖ አገኘሁት። የሾኩን ዘንግ ስመለከት ዘይት አዝሎ ነበር፤ ማኅተሙ ሄዷል። ልጁ የመጣው ግን ስለ ሾኩ ሊነግረኝ አልነበረም፤ «መሪው በድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ ይዘላል» ብሎ ነበር። መኪናው በየጉብታው የሚያርፈው በሞላው ላይ መሆኑ ቀርቶ በማቆሚያው ጎማ ላይ ሆኖ ነበርና ያለው ሁሉ ትክክል ነበር።

በአዲሶቹ መኪናዎች ይህ ጎማ በመጀመሪያውም የሰስፔንሽኑ አካል ተደርጎ የታሰበ፣ እንደ ሁለተኛ ሞላ የሚያገለግል ነው፤ አልፎ አልፎ ቢነካ ጉዳት የለውም። የሚጎዳው ሁልጊዜ በላዩ ላይ መንዳት ነው። አንዳንድ የሞላ አምራቾች በመግጠሚያ መመሪያቸው ማቆሚያው ጎማ በዚህን ያህል ሚሊሜትር ይቆረጥ ብለው ያዛሉ፤ ትእዛዙ ካለ በልኩ ይፈጸም፣ ከሌለ ግን ማንም መካኒክ በግምት ቢላዋ እንዳያነሣበት።

ወደ ሾኩ ልመለስ። ሞላ ሲጠነክር ውዝዋዜውን ለመግታት የሚያስፈልገው የሾክ ኃይል ያድጋል፤ የሚያድገውም በጥንካሬው ስኩዌር ሩት ልክ ነው። በ30 በመቶ የጠነከረ ሞላ በፋብሪካው ሾክ ላይ ሲገባ፣ የሾኩ የመግታት አቅም ከሞላው አንጻር ወደ 12 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሾኩ አዲስ ከሆነ ይህ የሚቻል ጉድለት ነው፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሾኩ 90 ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄደና ከመጀመሪያ አቅሙ ብዙ ካጣ በኋላ ግን ያ 12 በመቶ በደከመው ላይ የሚጨመር ሸክም ይሆናል። ቀደም ብዬ ያነሣሁትን 6.4 ኪሎ የሚጠይቅ ሞላ ብታስገቡ ደግሞ 1.6 ጊዜ የሚበረታ ሾክ ትፈልጋላችሁ፤ የፋብሪካው ሾክ በምንም መንገድ አይችለውም። ጠንካራ ሞላ ያለው ኮይሎቨር ከነራሱ ሾክ የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዋጋውም በአብዛኛው የሾኩ ዋጋ ነው።

ጥንካሬው ደግሞ በሰውነታችን ላይ የራሱ ዋጋ አለው። በምሳሌያችን የፋብሪካው ሞላ መኪናውን በሴኮንድ 1.4 ጊዜ ያህል ያወዛውዛል፤ 6.4 ኪሎ የሚጠይቀው ግን ከ2.2 ጊዜ በላይ። በልስልስ አውቶባን ላይ ይህ ደስ የሚል፣ መኪናውን በእጅ የጨበጡ ያህል የሚያስመስል ስሜት ይሰጣል። በአሮጌ ሰፈር የድንጋይ ንጣፍ ላይ፣ ከኋላ ሕፃን ተኝቶ ሳለ ግን ሌላ ነገር ነው። ባለቤቷን ይዛ የመጣች አንዲት እኅታችን ልጇ መኪና ውስጥ መተኛት እንዳቆመ ነግራኝ ነበር፤ እኔም መኪናቸው ላይ የነበረውን ኮይሎቨር አውጥቼ የፋብሪካውን መልሼ ገጠምኩላቸው።

ስለ ማክፈርሰን እግር አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ በዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። መኪና ዝቅ ሲል የክብደቱ ማዕከል ዝቅ ስለሚል በመታጠፊያ ላይ የሚያጋድለው በግድ ይቀንሳል ተብሎ ይታሰባል። በዚህ አሠራር ግን መኪናው የሚያጋድልበት ነጥብ የሚወሰነው ጎማውን ከታች ከመኪናው አካል ጋር በሚያያይዘው በታችኛው ክንድ አቅጣጫ ነው። በፋብሪካው ቁመት ክንዱ ወደ ጎማው በኩል ወደ ታች ያዘነብላል ወይም አግድም ይተኛል። መኪናውን ዝቅ ስታደርጉት የክንዱ የውጭ ጫፍ ሽቅብ ይመለከታል፤ ያን ጊዜ ነጥቡ ከክብደቱ ማዕከል የበለጠ ይወርዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል፤ መኪናውም ለማጋደል የሚያገኘው ጉልበት ይጨምራል። ሞላው ካልጠነከረ በስተቀር ከ40 ሚሊሜትር በላይ ዝቅ ያለ መኪና በመታጠፊያ ከፋብሪካው የባሰ ሊያጋድል ይችላል። የመሪው ዘንግም ከክንዱ ጋር እኩል መሄዱን ስለሚተው፣ ጉብታ ላይ ጎማው በራሱ ፈቃድ ጥቂት ይጠመዘዛል። ስለዚህ ቁመትን በተመለከተ የእኔ ፍርድ ጥብቅ ነው፤ በየቀኑ ለሚነዳ ጎልፍ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር በቂ ነው፤ ከዚያ በታች መውረድ ለዓይን እንጂ ለመንዳት አይጠቅምም።

ኮይሎቨር ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ በሉ። በአንደኛው የሚንቀሳቀሰው የሞላው መቀመጫ ብቻ ነው። ቀለበቱን 10 ሚሊሜትር ስታወርዱት መኪናው ያን ያህል ይወርዳል፤ ሾኩም ያን ያህል ጠልቆ ይቀመጣልና የቀረው ርቀት በ10 ያጥራል። በሁለተኛው ዓይነት የሾኩ የታችኛው አካል ራሱ በጥርስ ላይ ስለሚዞር የመኪናው ቁመት ከሾኩ ርቀት ተለይቶ ይስተካከላል። ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን የሾኩ ርቀት ባያልቅ ጎማው ከፓራፋንጎው ውስጠኛ ክፍል ጋር መጋጨቱ አይቀርም። የታወቁት የጀርመን አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው መንገድ ይሠራሉ፤ ሾኩን ግን ከመነሻው አሳጥረው፣ ከተፈቀደው የቁመት ክልል ጋር ርቀቱን አስልተው ነው።

በዚሁ ላይ በየጋራዡ የሚነገር አንድ ስሕተት አለ፤ «ቀለበቱን ሽቅብ ባጠበቅከው ቁጥር ሞላው ይጠነክራል» ይባላል። መኪናው በራሱ ክብደት ላይ ከቆመ በኋላ ሞላው የሚሸከመው ያንኑ 310 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ የሚጨመቀውም ያንኑ ያህል ነው። ቀለበቱ ከፍ ሲል የሚለወጠው የመኪናው ቁመት ነው። አገር ቤት ያሉ ወገኖቻችን ከእኛ በተቃራኒው ቪትዝንና ያሪስን ለኮረብታውና ለጉድጓዱ ሲሉ በሞላው በኩል ስፔሰር አስገብተው ከፍ ያደርጋሉ፤ እዚያም ሕጉ አንድ ነው። ሾኩ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ወደ ታች የሚዘረጋበት ርቀት ያጥርና ሾኩ ከላይ በኩል እየተንኳኳ ያልቃል።

የማስተካከል ችሎታ ዋጋ የሚኖረው ስታስተካክሉት ነው። ባለፈው መጋቢት አራት ክረምት ያሳለፈ ርካሽ ኮይሎቨር ያለበት መኪና መጣልኝ፤ ባለቤቱ አዲስ ቸርኬ ገዝቶ ጎማው ፓራፋንጎውን ስለነካበት አምስት ሚሊሜትር ከፍ እንዳደርግለት ጠየቀኝ። የመንገዱ ጨው ጥርሱን ከቀለበቱ ጋር አንድ አካል አድርጎታል። በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት፤ የዝገት መፍቻ ዘይት ረጭቼ አሳደርኩት፤ በማግስቱ ቁልፉን ስጭነው የቀለበቱ ጥርስ ተሸርፎ በእጄ ቀረ። ሰውየው በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ቁመቱን አልለወጠም ነበር፤ የከፈለበትን ነገር ሳይጠቀምበት ክረምቱ ወሰደበት። በፊሽተንበርግ ያለው ካቬ የተባለው የኮይሎቨር አምራች የሾኩን አካል ከማይዝግ ብረት የሚሠራው ለዚህ ነው። በሌላ ዕቃ የሚነዳ ሰው ጥርሱን በየመከሩ አጥቦ መከላከያ ቅባት መቀባት አለበት።

የሾኩን ጥንካሬ በጠቅታ የሚያስተካክሉ ደግሞ አሉ። በርካሾቹ አንዱ ማስተካከያ ጨመቃውንና መዘርጋቱን አንድ ላይ ይለውጣል፤ በውዶቹ ሁለቱ ይለያያሉ። ብዙ ሰው ገና እንደገዛ ወደ መጨረሻው ጥንካሬ ያዞረዋል። መዘርጋቱ ከልክ በላይ ሲጠነክር ጎማው ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው ሳይመለስ ይደርስና መኪናው እያደር ወደ ታች ይሰበሰባል። አምራቹ በመመሪያው ከጻፈው መነሻ ተነሥታችሁ በአንድ ጊዜ ሁለት ጠቅታ ብቻ፣ በአንድ በምታውቁት መንገድ ላይ እየነዳችሁ ለውጡ።

በአጭር ሞላና በኮይሎቨር መካከል ያለውን ሦስተኛ መንገድ ከሁሉ አብልጬ የምወደው እኔ ነኝ፤ ይኸውም አጭር ሞላ ለእሱ ተብሎ ካጠረ ሾክ ጋር ነው። በዛወርላንድ ኮረብታዎች መካከል ፊነንትሮፕ የሚገኘው አይባኽ የተባለ ኩባንያ ሞላ ይሠራል፤ በኤነፔታል ያለው ቢልሽታይን ለአጭር ሞላ ያሳጠረውን ሾክ «ቢ8» ብሎ ይሸጠዋል፤ ሁለቱ ተጣምረውም «ቢ12» በሚል ስም አንድ ላይ ይቀርባሉ። ቁመቱ አንድ ነው፤ አይስተካከልም፤ የሚዝግ ጥርስ የለውም፤ ሾኩ ግን የሞላውን ልክ ያውቃል። ሞላ ብቻ በዚህ አገር ከ150 እስከ 300 ዩሮ ይሸጣል፤ ጥሩ ኮይሎቨር ከ1,000 ዩሮ ገደማ ጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል፤ የዚህ የሦስተኛው መንገድ ዋጋ በሁለቱ መካከል ነው። የሾክ መግጠሚያ የሥራ ዋጋ ደግሞ ሞላ ብቻ ሲቀየርም ያው ሊባል ይችላል፤ የፊቱ ምሰሶ በሁለቱም ወርዶ መፈታቱ አይቀርምና። አሮጌ ሾክ ባለው መኪና ላይ አዲስ ሞላ ብቻ የሚያስገባ ሰው ይህንን ሥራ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ሞላ ብቻ መቀየር ትክክል የሚሆንበት አንድ ጉልህ ሁኔታ አለ። ጎልፋችሁ ዲሲሲ የሚባለው፣ ጥንካሬውን በኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሾክ ካለውና ሾኩ ገና ጤነኛ ከሆነ፣ ልከኛ አጭር ሞላ አስገብታችሁ የፋብሪካውን ሾክ ማቆየት ይሻላል። ተራ ኮይሎቨር ስትገጥሙ የሾኩ የኤሌክትሪክ ገመድ ያለ ሥራ ይቀራል፤ ኮምፒዩተሩም ስሕተት እንዳያሳይ ተጨማሪ ዕቃ ትገዛላችሁ። ጂቲአይ የሚባለው የጎልፍ ዓይነት ያላችሁ ደግሞ መኪናችሁ ከፋብሪካው በ15 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ እንደወጣ አትርሱ። የሞላው ማሸጊያ «30 ሚሊሜትር» ሲል ከየትኛው ቁመት እንደሚቆጥር ጠይቁ፤ ከተራው ሰስፔንሽን ከሆነ የምታዩት ለውጥ ግማሹን ብቻ ነው። ከመግዛታችሁ በፊትም የፊት ምሰሶው ውፍረት 50 ወይስ 55 ሚሊሜትር መሆኑን በመለኪያ አረጋግጡ፤ በዚህ መኪና ላይ ሁለቱም አሉ።

ስለ ሕጉ አጠር አድርጌ እናገራለሁ። በጀርመን የተሽከርካሪ ፈቃድ ደንብ አንቀጽ 19 መሠረት አደጋ ሊያስከትል የሚችል ለውጥ የተደረገበት መኪና በመንገድ ላይ የመሄድ ፈቃዱን ያጣል። ስለዚህ ከዕቃው ጋር እንደ «ታይለጉትአኽተን» ያለ፣ ዕቃው ለመኪናው ተመርምሮ እንደተፈቀደ የሚገልጽ ሰነድ መምጣት አለበት፤ ከተገጠመ በኋላም ቲዩፍ ወይም ዴክራ ወደሚባሉት የመኪና መርማሪ ድርጅቶች ሄዳችሁ መኪናው ይታያል። መርማሪው ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ ያለውን ርቀት ይለካል። ኮይሎቨር ስለገዛችሁ እንደ ፈቃዳችሁ የምታወርዱት አይደለም፤ በሰነዱ ከተጻፈው ክልል ከወጣችሁ ፈቃዱ የለም። የፊት መብራቱም ዝቅታው ከተለወጠ በኋላ መስተካከል አለበት።

የመግጠሙን ሥራ ለሚማሩት ወንድሞቼ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የክንዶቹን ቡሎን መኪናው በሊፍት ተንጠልጥሎ ሳለ አታጥብቁ። በክንዱ ውስጥ ያለው ጎሚኒ የሚታሰረው መኪናው በጎማው ላይ በቆመበት ቁመት ነው፤ ተንጠልጥሎ ከታሰረ፣ መኪናው መሬት ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ይቀደዳል። ከሌላ ጋራዥ ወጥተው ወደ እኛ ከሚመጡት መኪናዎች ይህ ስሕተት ያልተገኘባቸው ጥቂት ናቸው። ሥራው ካለቀ በኋላ አዲሱ ሞላ እስኪረጋ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ተነድቶ ቁመቱ እንደገና ይለካ፤ የጎማ አላይመንት የሚሠራው ያን ጊዜ ነው።

ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አሁን ባለው መኪናችሁ ላይ ይህን አድርጉ። የፊት ጎማውን ፍቱና የሾኩን አቧራ መከላከያ ወደ ላይ ሰብስቡ። በሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ፣ ከሾኩ አካል አፍ ጋር አስጠግታችሁ፣ አንድ ቀጭን የፕላስቲክ ገመድ ማሰሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ትርፉን በመቀስ ቁረጡት። ከዚያ አንድ ሳምንት እንደ ወትሮአችሁ ንዱ፤ ወደ ሥራ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተሰብና ሻንጣ ጭናችሁም ጭምር። ሾኩ በተጨመቀ ቁጥር ማሰሪያውን ሽቅብ ይገፋዋል፤ ማሰሪያውም በደረሰበት ይቆያል። ሳምንቱ ሲያልቅ ጎማውን ፈትታችሁ ከማሰሪያው እስከ ማቆሚያው ጎማ ያለውን ቦታ በሜትር ለኩ። 40 ሚሊሜትር ካገኛችሁ በ25 ሚሊሜትር የሚያወርድ ሞላ ጤነኛ ሾክ ላይ ይቻላል። 15 ብቻ ካገኛችሁ አጭር ሞላ ብቻውን አይሆናችሁም፤ ወይ ካጠረ ሾክ ጋር ግዙት፣ ወይ መኪናውን ባለበት ቁመት ተዉት። ማሰሪያው ከማቆሚያው ጎማ ጋር ተጣብቆ ካገኛችሁት ደግሞ መጀመሪያ የሚቀየረው አሁን ያለው ሾክ ነውና ወደ እኔ አምጡት፤ አብረን እናየዋለን።